የግራው በር ስፒከር

መጀመሪያ ይሄን ልንገራችሁ፦ ስፒከሮቹ እስከ ዛሬ ይሰራሉ። ሁለቱም፣ የቀኙም የግራውም። እሱ ግን የለም።

ወይኔ፣ ከመጨረሻው ጀመርኩት። እኔ ሁሌ እንዲህ ነኝ፤ ወሬ አፌ ላይ አያድርም። አባቴ «ሬዲዮ» ነው የሚለኝ፣ ማጥፊያው የተሰበረ ሬዲዮ። በፊት ሲለኝ እስቅ ነበር። አሁን ሊለኝ ይጀምርና መሃል ላይ ይተወዋል። ለምን እንደሚተወው ልነግራችሁ ነው፣ ግን በስርዓት፣ ከመጀመሪያው።

አባቴ መኪና አለችው። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ዝቅ ያለች፤ ስትገቡባት የተቀመጣችሁ ሳይሆን የተጋደማችሁ ነው የሚመስላችሁ። ድሮ ለእሽቅድምድም ነበር አሉ የሚሰሯት። ድሮ ደግሞ ደማቅ ቀይ ነበረች፤ አሁን ፀሐይ ላይ የከረመ ቲማቲም መስላለች። አባቴ እናቴን ሳያውቃት በፊት ነው የገዛት። እናቴ «ጣውንቴ» ነው የምትላት። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ባልዲና ጨርቅ ይዞ ሲወጣ በመስኮት ብቅ ትልና «ሂድ፣ ሂድ፣ ትጠብቅሃለች። እኔ ሳስነጥስ እንኳን እንዲህ ደንግጠህ አታውቅም» ትለዋለች።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ሳምንት አባቴ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ቅዳሜና እሁድ ያንቺ ናት» አለኝ። አስቡት። አስራ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ትምህርት ጨርሻለሁ፣ ሥራ የለኝም፣ መኪና ግን አለኝ። ሮጬ ገብቼ ቴፑን ከፈትኩት። ዘፈን ሳይሆን ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ነገር ወጣ።

አባቴ የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈታና አሳየኝ። የስፒከሩ ወረቀት በእርጅና ተበጣጥሷል። በጣቱ ነካ ሲያደርገው ብናኝ ሆኖ ወረደ።

«እነዚህ ካንቺ ይበልጣሉ» አለኝ።

«እንቀይራቸዋ፣ አባዬ።»

«ይቀየሩ። ግን ቆርቆሮዋን የሚነካ ሰው እንዳላይ። በሯን መቁረጥ ያማረው ሰው በእጄ ይጀምር።»

የመኪና ቴፕና ስፒከር የሚገጥሙት ሰዎች አንድ መንገድ ላይ ነው ተደርድረው ያሉት። እኛ የገባንበት ሱቅ ባለቤት «ጋሽ ነጎድጓድ» ነው የሚባለው፤ ስፒከር ሲሞክር የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል። በሩ ላይ ያለችውን የድሮ ቀዳዳ አይቶ ሳቀ።

«ይሄ ቀዳዳ ነው? ይሄ የጆሮ ጉትቻ ነው የሚይዘው። እዚህ ጋ ክብ አድርገን እንቆርጥና ባለ ትልቁን ብንገጥም፣ ጋሼ፣ መንገድ ላይ ሰው እየዞረ ያይሃል።»

አባቴ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ መኪናዋ ዞረ። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ጥግ ላይ አንድ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ሽቦ ይበይዳል። ጠጋ ብዬ «ወንድም» አልኩት። ዝም። «ወንድሜ፣ አንዴ።» ዝም። «ሰላም?» ዝም። እኔ ደግሞ መናቅ አልወድም፤ ዞሬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ሰው ሲጠራህ አትሰማም እንዴ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ምን ልበላችሁ፣ ዓይኑ ላይ መቸኮል የሚባል ነገር የለም። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ቀጥሎ የሚለውን እያዘጋጀ ነው፤ እሱ ግን ዝም ብሎ አየኝ።

«አሁን ሰማሁ» አለ።

«ሶስቴ ነው የጠራሁህ።»

«አራተኛው ይበቃል።»

ጋሽ ነጎድጓድ ከወዲያ ሆኖ ሳቀ። «ተይው እህቴ፣ እሱ እኮ ጀነኑ ነው። እኛንም በቀጠሮ ነው የሚዞርልን።»

ሱቅ ውስጥ ሁሉም «ጀነኑ» ነው የሚለው። ሲጠሩት አይዞርማ፣ ኮርቶ ነው ብለው። ተነስቶ መጣ፣ በሯ ሥር ተንበረከከና እጁን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። እንደ ሐኪም ነው የዳበሳት። በጣቱ ስፋቱን ለካ፣ ጥልቀቱን ለካ። ከዛ ለጋሽ ነጎድጓድ ሳይሆን ለአባቴ ተናገረ።

«አይቆረጥም። አነስ ያለ ጥሩ ስፒከር አለ፤ ለሱ ልክ የእንጨት ቀለበት አወጣለታለሁ፣ በድሮው ቀዳዳ በድሮው ብሎን ይታሰራል። በሩን ከውስጥ ወፍራም ጨርቅ አለብሰዋለሁ፣ ቆርቆሮው እንዳይንጫጫ። ከውጭ የሚያይ ምንም እንደተነካ አያውቅም። ግን ጊዜ ይፈልጋል።»

አባቴ ብዙ አየው። ከዛ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። የአባቴን መኪና ቁልፍ እኔ እንኳን ለማግኘት አስራ ስምንት ዓመት ነው የፈጀብኝ።

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜዎቼ ተጀመሩ።

መኪናዋን ሱቁ ጀርባ ካለው ግቢ አስገባታለሁ፣ እሱ ይሰራል፣ እኔ አወራለሁ። ስለ ፈተናው፣ ስለ አክስቴ ባል ኩርፊያ፣ ስለ ጎረቤታችን ውሻ። ይሰማኛል። አንዳንዴ ካወራሁት ከሳምንት በኋላ «ውሻው ተመለሰ?» ይለኛል። እኔ እንኳን የረሳሁትን።

አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ነበር። መኪናዋ ውስጥ ስንገባ ሁሌ መሪው ጋ የሚቀመጠው እሱ ነው። መንጃ ፈቃድ የለውም፣ የትም አንሄድም፣ ግን በግራ በኩል ገብቶ መሪውን ይዞ ቁጭ ይላል፤ እኔ ከጎኑ በቀኝ።

«ባለቤቷ እኔ ነኝ እኮ።»

«ሹፌር መምሰል ነው የቀረኝ። አትከልክዪኝ።»

ሌላም አለ። ዳቦና ሙዝ ልንገዛ ስንወጣ ዞሮ በመኪናው መንገድ በኩል ሆነና እኔን ግድግዳው ጋ አደረገኝ። ልቤ ቅልጥ አለ። ከመኪና እየጠበቀኝ ነው ብዬ። ስንመለስ ደግሞ በዛው መንገድ እሱ ግድግዳው ጋ ተለጠፈና እኔን ወደ መኪኖቹ አወጣኝ። አንድ ሞተር ሳይክል ቀሚሴን ዳብሶ አለፈ። ያኔም ልቤ እንደቀለጠ ነው፤ ፍቅር ሲይዝ አቅጣጫ አይታይም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ የባትሪ ድንጋይ አሳየኝ። ትንሿን፣ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የምትገባዋን። ሁለት ሽቦ ይዛለች። ሽቦዎቹን ስፒከሩ ላይ ነካ ሲያደርግ ስፒከሩ «ጧ» አለና ሆዱ ወደ ውጭ ወጣ።

«አየሽ? ወደ ውጭ ከወጣ ልክ ነው፤ ይሄኛው ሽቦ ላይ ቀይ ክር እናስራለን። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል ማለት ነው። ሁለቱም በሮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፣ አንድ ላይ እንዲወጡ አንድ ላይ እንዲገቡ።»

«የግራውን እኔ ላድርገው።»

ሰጠኝ። ቀዩን ክር እኔ አሰርኩ። እያወራሁ።

ሶስተኛው ቅዳሜ ላይ ሁለቱም በሮች ተዘጉ። ቀለበቶቹ ራሱ ሲያምሩ፣ ጠርዛቸውን በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ አለስልሶ፣ በር ውስጥ ተደብቀው ሊቀሩ መሆኑ አሳዘነኝ። እሱ መሪው ጋ ተቀመጠ፣ እኔ ከጎኑ፣ ቴፑን ከፈተ። አንዲት ሴት በቀስታ ትዘፍናለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። እኔ ግን የሆነ ነገር አልጥም አለኝ።

«ዘፋኟ የለችም» አልኩት።

«ማለት?»

«ድምጿ አለ፣ እሷ የለችም። እኔ እንጃ፣ ከኋላችን ናት፣ ከውጭ ናት፣ ባልዲ ውስጥ ናት። መሃል ላይ ባዶ ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። ቴፑን አላጠፋውም፤ ግራ እጁን በራሱ በር ላይ አደረገ፣ ቀኝ እጁን በፊቴ አሳልፎ የኔ በር ላይ ዘረጋ። መኪናዋ ጠባብ ስለሆነች ሁለቱም ደረሱለት። ክንዱ ከአገጬ ሥር ነው፣ የብየዳ ሽታ አለው። በመዳፉ ሲያዳምጥ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

«ወፍራሙ ድምፅ ሳስቷል» አለ ለራሱ። «የበሩ ጥፋት መስሎኝ ነበር።»

ወርዶ የግራውን በር እንደገና ፈታው። የባትሪዋን ድንጋይ ነካ አደረገ። የስፒከሩ ሆድ ወደ ውስጥ ገባ። ቀዩ ክር፣ እኔ ያሰርኩት፣ የተሳሳተው ሽቦ ላይ ነበር።

«ሁለቱም ይሰራሉ» አለኝ፣ «ግን አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። መሃል ላይ ይበላላሉ።»

«የኔ ጥፋት ነው። ስለ አክስቴ ባል እያወራሁ ነበር።»

«የኔ ነው። ሳልፈትሽ ዘጋሁት።» ቀዩን ክር ፈታው። «ሌላ ሰው ቢሆን ገና ሲከፈት ይሰማው ነበር። እኔ ግን አልሰማውም።»

«ለምን?»

ሽቦውን አዙሮ በየደው፣ ሽፋኑን መለሰ፣ ገብቶ ተቀመጠና በሩን ዘጋ። ቴፑን አጠፋ።

«በግራ ጆሮዬ ምንም አልሰማም። ሰባት ዓመቴ ላይ ታምሜ ነበር። ትኩሳቱ ሲሄድ ይዞት ሄደ።»

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣልኝ። ሶስቴ የጠራሁት በየት በኩል ቆሜ እንደነበር። መሪው ጋ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ። ዳቦ ቤቱ፣ ግድግዳው፣ ሞተር ሳይክሉ። ለካ ጠባቂዬ አልነበረም፤ ወሬዬ እንዳያመልጠው ነበር የሚዞረው። ከመጠበቁ ይሄ አይበልጥም?

«ጀነኑ ሲሉህ ለምን ዝም ትላለህ?»

«ኩሩ ቢሉኝ ይሻላል። ጆሮው የማይሰማ ሰው ድምፅ ይሰራል ብሎ መኪናውን የሚሰጥ የለም። ጋሽ ነጎድጓድ አዲስ ሱቅ ሊከፍት ነው፣ በሚቀጥለው ወር። ለእኔ ሊሰጠኝ ነው፣ እኔ እንድመራው። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት እሱን ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ማንም አያውቅም። አሁን አንቺ አወቅሽ።»

«ብሞት አልናገርም።»

«አንቺ?» ብሎ ሳቀ። ስቆ አያውቅም ነበር፣ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«እኔ። ምን ያስቅሃል?»

«ምንም። እንግዲያው ግራ ጆሮዬ ሁኚ።»

አራተኛው ቅዳሜ ከሁሉም ይበልጣል። እሱ የቴፑን ቁልፎች በቀስታ ያዞራል፣ እኔ የማዳምጠውን እነግረዋለሁ። «ወደ ቀኝ ሄደች... ትንሽ መልሳት... አሁንም... ቁም። መጣች።»

«የት ናት?»

«እዚህ።» ከመሪው ትንሽ ቀኝ፣ መስታወቱ ሥር፣ ባዶ አየር ላይ በጣቴ አሳየሁት። «ልክ እዚህ ቆማ ወደ እኛ የምታይ ነው የሚመስለው።»

«ወደ ማን?»

«ወደ ሁለታችንም።»

እጁን አንስቶ እኔ ያሳየሁት ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠ፣ ልክ የሆነ ነገር እንዳለ። እኔም እጄን አላወረድኩም። ጣቶቻችን ተነካኩ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ እዛው ቆዩ። ምንም አልተባባልንም። እኔ። ምንም።

ዘፈኑ ሲያልቅ «ግራ ጆሮዬ» አለኝ፣ በቀስታ። ሌላ የፍቅር ቃል ነግሮኝ አያውቅም። ሌላም አልፈለግኩ።

አምስተኛው ቅዳሜ አባቴ ሊረከብ መጣ። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። እዚህ ስደርስ ሁሌ ሌላ ወሬ ማውራት ያምረኛል።

የዛን ቀን ሱቁ ውስጥ አንድ ጥቁር መነፅር ያደረገ ሰውዬ ነበር። እንግዳ የሚያመላልሱ ብዙ መኪኖች አሉት፣ ሁሉንም በጋሽ ነጎድጓድ ሊያሰራ፣ በአዲሱ ሱቅ። ጋሽ ነጎድጓድ ከሱ ፊት አይጠፋም። አባቴ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ። ቴፑ ተከፈተ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፣ ያን ቀንም አላለቀሰም። ግን የማርሹን ራስ እንደ ሰው ጉልበት ሲዳብሰው አየሁ።

ወጣና «ይሄን ማን ነው የሰራው?» አለ።

«እኛ ነና ጋሼ» አለ ጋሽ ነጎድጓድ፣ ሰውዬው እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ልጆቹ ሽቦ ይጎትታሉ፣ ድምፁን የማስተካክለው እኔ ነኝ። ጆሮ እኮ ዝም ብሎ አይገኝም። ይሄ የኔ ጆሮ ነው።»

ጀነኑ ጥግ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ምንም አልመሰለውም። እንዲያውም በዓይኑ ወደ እኔ ሳቅ አለ፣ «ተይው» እንደማለት። መተው ነበረብኝ። በቃ፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ማለት፣ አባቴን ይዤ መሄድ። ሰው የሚችለው ነገር ነው።

«ውሸት ነው» አልኩ። «አንድ ቁልፍ አላዞርክም። ሁሉንም የሰራው እሱ ነው። ያውም በአንድ ጆሮው። ግራው ጨርሶ አይሰማም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም፣ እና በአንዱ ብቻ እናንተ ሁላችሁ ተሰብስባችሁ የማትሰሩትን ሰራ።»

ኩራት ነበር እኮ። እምላችኋለሁ፣ ደረቴ እስኪሞላ ኮርቼበት ነው። ስጨርስ የሚያጨበጭቡ ሁሉ መስሎኝ ነበር።

ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ። አየኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መንገድ መሃል ሸሚዙን እንዳወለቁበት ሰው ነው ያየኝ።

ባለመነፅሩ ሳቅ አለ። «ቆይ፣ የኔን መኪኖች ሊሰራ የነበረው ይሄ ነው? ደንቆሮ ነው ድምፅ የሚሰራልኝ?»

«ኧረ እኔም አሁን ነው የሰማሁት» አለ ጋሽ ነጎድጓድ። ከዛ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። በግራ በኩል ከኋላው ሄደና ጆሮው አጠገብ ጣቱን በቀስታ አጮኸ። አንዴ። ሁለቴ። ሁላችንም እያየን። ጀነኑ አልዞረም። እኔን ነበር የሚያየው።

አባቴ ማንንም ሳያናግር በቀኙ በኩል ዞሮ ሄዶ እጁን ጨበጠው። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም» አለው። ተሰምቶታል። ግን ረፍዶ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ነው የነዳው። ዘፈን አልከፈተም።

«አሞገስሽው መሰለሽ» አለኝ ግማሽ መንገድ ላይ።

«ሊቀማው እኮ ነበር፣ አባዬ። ሥራውን የኔ ነው አለ።»

«ሥራውን ቀምቶት ነበር፤ ያ ይመለሳል፣ እጁ ላይ ነው። አንቺ ግን ገበናውን ነው ያወጣሽው። ያ አይመለስም።» ከዛ ደግሞ «ሬ...» ብሎ ጀመረና ተወው። የመጀመሪያው ያ ነው።

ማክሰኞ ሱቁ ሄድኩ። ጠረጴዛው ባዶ ነው፣ የባትሪዋ ድንጋይ እንኳን የለችም። ጋሽ ነጎድጓድ ዓይኔን ሳያይ «እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ ሰውዬው እኮ ለሌሎቹ ደንበኞችም እንዳይነግራቸው ፈራሁ። እንጀራ ነው» አለ።

የሚኖርበትን አውቅ ነበር፤ ዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል። በሩ ክፍት ነው፣ መሳሪያዎቹን በየመጠናቸው ሳጥን ውስጥ እየደረደረ ነው። አልጋው ተጠቅልሏል። በቀኙ በኩል ዞሬ ቆምኩ።

ይቅርታ የሚባለውን ቃል ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ሁሌም እስክጨርስ ይጠብቀኝ ነበር።

«አልተቀየምኩሽም» አለኝ።

«ተቀየመኝ። ስደበኝ።»

«ደስ ብሎሽ ነው የተናገርሽው። አውቃለሁ። የፈራሁትም እሱን ነው። ስትናደጂ ማስቆም ይቻል ይሆናል፤ ደስ ሲልሽ ግን ማን ያስቆምሻል?»

«ሌላ ሱቅ አለ። መንገዱ ሙሉ ሱቅ ነው።»

«መንገዱ ሙሉ ሰምቷል። ትናንት አንዱ ጋ ገባሁ፣ ገና ሳልናገር በግራዬ ዞሮ ጣቱን አጮኸ። ጨዋታ ሆኗል።» የሳጥኑን ክዳን ዘጋ። «አጎቴ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሰራው። ሩቅ ነው፣ የአንድ ቀን መንገድ። እዛ ማሽኑ ስለሚጮህ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚውለው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኩል እንሆናለን።»

«እኔስ?»

ጥያቄው ከአፌ አምልጦ ነው። መስኮቱን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ።

«ካንቺ ጋር ስሆን ሁለት ጆሮ ያለኝ ይመስለኝ ነበር» አለ። «አሁን ስታወሪ ቀጥሎ ምን ይወጣ ይሆን እያልኩ ነው የምሰማሽ። እንደዛ እየሰማሁሽ መኖር አልፈልግም። ይከፋሻል። እኔንም ይከፋኛል።»

እውነት ነው። ሐሙስ ጠዋት ነው የምሄደው አለኝ። መናኸሪያ ላድርስህ አልኩት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር፤ እሺ አለ።

ሐሙስ የኔ ቀን አይደለም። ግን ጠዋት ስነሳ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ መኪናዋም ታጥባለች። አባቴ በሐሙስ አጥቧት አያውቅም። እናቴ በመስኮት ሆና ምንም አልቀለደችም።

ሳጥኑን ይዞ ወጣ። በልማዱ ወደ ግራው በር ሄደ፣ እጀታውን ያዘ፣ ከዛ ቆመ። የምነዳው እኔ ነኛ። ዞሮ በቀኝ በኩል ገባና ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። በሩን እስኪዘጋ ድረስ አልገባኝም ነበር። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መኪና ናት። እሱ ከቀኜ ነው። ወደ እኔ ያለው ግራው ነው።

መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ነፋሱ በደህናው ጆሮው በኩል ይገባል። ቴፑን እሱ ራሱ ከፈተው። ያቺው ሴት መጣች፣ መሃል ላይ ቆመች፣ ወደ ሁለታችንም እያየች። እሱ ግን የሚሰማት ከራሱ በር ብቻ ነው። መዳፉን በሩ ላይ አድርጎ መንገዱን ያይ ነበር።

ዳቦ ቤቱን አለፍን። ግድግዳውን አለፍን። የቴፕ ሱቆቹን መንገድ እንዳላልፍበት በሌላ በኩል ዞርኩ፣ ዙሩን አውቆታል።

ከዛ ተናገርኩ። በቀስታ፣ ከዘፈኑ በታች፣ ፊቴን ከመንገዱ ሳላነሳ። ያለኝን ሁሉ። ከመጀመሪያው «አሁን ሰማሁ» ጀምሮ። ይሄን ያህል ጊዜ ሳወራ ኖሬ ያን ቀን ያልኩትን አንድም ጊዜ ለማንም ብዬው አላውቅም። ወደማይሰማው ጆሮ ነው የተናገርኩት። እየሰማ ቢሆን ደግሞ መስጠት ያለበት መልስ ይኖራል፣ መልስ ደግሞ ይከብደዋል። እንዲከብደው አልፈለግኩም። እንዲኖረው ብቻ ነው የፈለግኩት፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ በግራው በኩል።

መናኸሪያው በር ላይ አቆምኩ። ወረደና ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ። ዞሮ በኔ መስኮት በኩል መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ቀኙን ወደ እኔ አዞረ፣ እንደ ድሮው።

«ዛሬ ዝም አልሽ» አለኝ። «መንገዱን ሙሉ። አመመሽ እንዴ?»

«አይ።»

«ያምርብሻል ለካ።» ከኪሱ አንድ ነገር አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠ፤ የባትሪዋ ድንጋይ፣ ሁለቱ ሽቦዎቿ ተጠቅልለው። «በሩን ማንም ከፈታው ፈትሺው። ሳታወሪ።»

«ሳላወራ» አልኩት።

ሄደ። አውቶቡሱ ጋ ሲደርስ አንድ ሰውዬ በግራው በኩል ሆኖ ሳጥኑን ልጫንልህ ይለው ነበር መሰለኝ፣ እጁን ያወዛውዛል። አልዞረም። ሰውዬው ተናዶ ትከሻውን ሰበቀ። ወርጄ «ኮርቶ አይደለም» ልለው እጄ በሩ እጀታ ላይ ነበር። አልወረድኩም።

አምስት ወር ሆነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ያጥባታል። እኔ አንዳንዴ ልክ እሱ የሄደ ቀን እንደገባው በቀኝ በኩል እገባና ድምፁን ለግራና ለቀኝ የሚያካፍለውን ቁልፍ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዞረዋለሁ። የግራው በር ዝም ይላል። ሴትዮዋ ከመሃል ትጠፋና በሩ ጥግ ትቀራለች። እሱ እንዲህ ነበር የሚሰማት፣ እና ለእኔ መሃል ላይ አቆማት።

ምን አልሽው ትሉኛላችሁ፣ መንገድ ላይ። እናቴም ጠይቃኛለች፣ አክስቴም። ሁሉንም ነግሬያችኋለሁ፣ ያወጡለትን ስም፣ ጆሮውን፣ የኔንም ጥፋት፣ ምንም አልደበቅኩም።

እሱን ግን አልነግራችሁም።